ጥንድ መወርወሪያ ለሰባት ቁጥር

ወንድሜ በሠላሳ አራት ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት መወርወሪያ ሠርቷል። ቁጥሩን የማውቀው እያንዳንዱን ሲጨርስ በእንጨቱ ሆድ ውስጥ በእርሳስ ይጽፍ ስለነበር ነው።

መወርወሪያ በሽመና ማሽን ላይ ማጉን ይዞ በድሩ መሃል ከወዲያ ወዲህ የሚመላለሰው እንጨት ነው። ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፣ መሃሉ እንደ ጀልባ ተቦርቡሯል፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ አይሞላም። ክር የተጠነጠነበት ቀሰም ሆዱ ውስጥ ይገባል። አዳዲሶቹ ማሽኖች መወርወሪያ አያውቁም፤ ማጉን በአየር ነው የሚገፉት። የእኛ አዳራሽ ማሽኖች ግን መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ከፋብሪካው አዲስ ሕንፃ ጀርባ፣ በረጅሙ የድንጋይ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ሆነው ቆመዋል። የሠራቸው ኩባንያ ሲዘጋ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ወፍራሙን ባለ ሁለት ፊት ጨርቅ እንደነሱ የሚሸምን ሌላ ስላልተገኘ፣ ደግሞም ሐሙስ ሐሙስ ጎብኚ ስለሚመጣ አልተጣሉም።

መለዋወጫ ከየትም አይገዛላቸውም። አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር ስብርባሪው በሳጥን ተሰብስቦ ወደ ወንድሜ ወርክሾፕ ይላካል፤ እሱ ደግሞ በእጁ ሌላ ይሠራል። መወርወሪያውን የሚመታውን የቆዳ ቁራጭ እየሰፋ፣ የእንጨት ጥርሶችን እየጠረበ፣ ቀሰም በቶርኖ እያወጣ ኖሯል። ዋናው ሥራው ግን መወርወሪያ ነበር።

ሲጀምር በርና ወንበር የሚሠራ አናጢ ነበር። የቀድሞው መወርወሪያ ሠሪ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ወንድሜ ለቢሮ የሠራውን ወንበር ገልብጦ እግሮቹን ካየ በኋላ «ይሄ ሰው ማንም የማያየውን ቦታ ልጎታል» ብሎ ወሰደው። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ አሥራ ስምንት ቆርቆሮ አስረከበው። እያንዳንዱ ቆርቆሮ የአንዱ ማሽን መወርወሪያ ቅርጽ ነው፤ ጥጉ ላይ ቁጥሩ በሚስማር ተወግቷል። ማሽኖቹ ሲመጡ አንድ ዓይነት ነበሩ። በመቶ ዓመት ውስጥ አንዱ ሲላግ፣ አንዱ ሲበየድ፣ አንዱ ሲጣመም ተለያይተዋል። ወንድሜ «እህትማማቾች ናቸው እንጂ መንትያ አይደሉም» ይል ነበር።

የሚሠራው ከወይራ ነው። እንጨቱን ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት ያደርቀዋል። ከዚያ ይቆርጠዋል፣ በመላጊያ ያስተካክለዋል፣ ሆዱን በመሮ ይቦረቡራል፣ የብረት ጫፎቹን ያስገባል። በተልባ ዘይት ውስጥ አርባ ቀን ይዘፈዝፈዋል። ከዘይቱ ሲወጣ ጠራርጎ በገመድ ይሰቅለዋል። ቤታችንም ልብሱም ተልባ ተልባ ይሸት ነበር። ሚስቱ ገና በወጣትነቷ ሞታ እኔ አብሬው መኖር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ትራሱን በሳምንት ሁለት ጊዜ አጥብለት ነበር፤ ያም ሆኖ ሽታው አይለቅም።

በአንድ ማሽን ላይ ሁለት መወርወሪያዎች ተራ በተራ ስለሚሠሩ ሁልጊዜ በጥንድ ነው የሚወጡት። ሁለቱ እኩል መመዘን አለባቸው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ከመስኮቱ ሥር ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነበረው፤ ከሚዛኑ ፊት የማይጠፋ ሰው በመሆኑ የአዳራሹ ሴቶች «ሚዛኑ» ብለው ስም አወጡለት።

«አንተ ሚዛን» ትለዋለች አንዷ በሩ ላይ ቆማ፣ «እስቲ የባሌን ፍቅር መዝንልኝ።»

«አይሆንም» ይላል ቀና ሳይል። «የኔ ሚዛን ከአምስት ግራም በታች አያነብም።»

ከክብደቱ የሚብሰው ግን የጀርባው ነገር ነው። መወርወሪያው ከሥሩ ባለው የመሮጫ ጣውላ ላይ ሲሮጥ ጀርባውን ከኋላው የቆመው፣ ድሩ የሚያልፍበት ማበጠሪያ ላይ ተደግፎ ነው። የጀርባውና የታቹ ማዕዘን ከማሽኑ ማዕዘን ጋር ልክ ለልክ ካልገጠመ ይንገዳገዳል፤ ከተንገዳገደ አንድ ቀን ተነሥቶ ይበራል። ወንድሜ አንድ ጥንድ ሲጨርስ በምሳ ሰዓት፣ ማሽኖቹ ሲቆሙ፣ ይዞት ይሄዳል። ባዶውን መወርወሪያ መሮጫው ላይ ያስቀምጣል፣ ከኋላ ባትሪ ያበራል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። በእንጨቱና በማበጠሪያው መካከል ብርሃን ካላለፈ «ተኝቷል» ይላል። ካለፈ ይዞት ይመለሳል። ይህን ሳያደርግ ያስረከበው ጥንድ አንድ ብቻ ነው።

እኔ በዚያው አዳራሽ ማጠንጠኛ ክፍል ነበር የምሠራው፤ ክር ከትልቁ ጥቅል ወደ ቀሰም አዞራለሁ። አዳራሹ ውስጥ ጩኸቱ ከባድ ስለሆነ ሰው ከንፈር እያየ ነው የሚነጋገረው፤ ሸማኔዎቹም በማሽናቸው ቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ቁጥር በጣት ይታያላ። ሰባት ቁጥር ከወንድሜ ጋር እኩያ የሆነች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ነበረች። ማሽኗን ማንም እንዲነካባት አትወድም። አንድ ጊዜ አንድ ጎብኚ መንኮራኩሩን ዳሰስ ቢያደርግ «ወንድሜ፣ እኔ ቤትህ መጥቼ ሚስትህን ዳበስኩብህ?» ብላዋለች።

ወንድሜ በሠራ በሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ ፋብሪካው ለሁለት ቀን በተዘጋበት ጊዜ፣ መካኒኩ የሰባት ቁጥርን መሮጫ ጣውላ ላገው። መሃሉ ተበልቶ ስለነበር ማለስለሱ ትክክል ነበር። መካኒኩ ትጉ ሰው ነው። ለወንድሜ ሊነግረው አስቦ ነበር፤ ያን ሳምንት ሚስቱ ወለደችና ረሳው።

በሳምንቱ ወንድሜ ለሰባት ቁጥር አዲስ ጥንድ ጨረሰ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ በምሳ ሰዓት አዳራሹ በጎብኚ ተሞልቷል። ወንድሜ ፎቶ መነሳት እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የሚጠላው። በሩ ድረስ መጣና ካሜራዎቹን ሲያይ ወደ እኔ ዞረ።

«እህት ዓለም፣ እግረ መንገድሽን አድርሺልኝ።»

«ሳታየው?»

«ሰባትን በእንቅልፌም አውቃታለሁ። ከቆርቆሮው ጋር ልክክ ብሏል።»

ሁለቱን በሽርጤ ኪስ ይዤ ሄድኩ። ሰባት ቁጥር ተቀበለችኝና ከኋላዬ አየት አደረገች።

«ባለቤቱስ?»

«እንግዳ ፈርቶ።»

«ሙሽራ ነው እንዴ!» አለችና እየሳቀች አስገባቻቸው።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ከአሥራ ስምንቱ ማሽኖች አንዱ ቆመ። ብዙ ዓመት በጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው አንድ ማሽን ሲጎድል ወዲያው ይሰማዋል። ከማጠንጠኛው ስወጣ ሰባት ቁጥር በማሽኗ ቀኝ ጫፍ መሬት ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛለች። የተበጠሰ ክር ልትቀጥል ጎንበስ ባለችበት ነው መወርወሪያው የወጣው። ግራ ዓይኗን ነው ያገኛት።

እያንዳንዱ ማሽን ላይ መወርወሪያው እንዳይበር የሚከላከል ሽቦ አለ። ሽቦው ወርዶ መሥራት ደንብ ነው። ክር ለመቀጠል ስለሚያስቸግር ግን ሁሉም ያነሱታል፤ ሰባት ቁጥርም አንስታው ነበር። መካኒኩ የዚያኑ ዕለት ሪፖርት ጻፈ፤ ሽቦው ተነስቶ እንደነበር፣ ሌላ ጉድለት እንዳልታየ። ደንቡ ግልጽ ነበር። በራሷ ጥፋት የተጎዳች ሠራተኛ ትሰናበታለች። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ሊፈርምበት ነበር።

የተሰነጠቀ ወይም የወደቀ መወርወሪያ ሁልጊዜ በወንድሜ በር ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። ይህኛውንም አንዱ እንደ ልማዱ እዚያ ጥሎታል። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫቱን ሲገለብጥ አገኘው። አንደኛው ጫፉ ጎብጧል፤ ቀሪው ደህና ነበር። ሞርሳ ላይ አሰረውና የሰባት ቁጥርን ቆርቆሮ ጀርባው ላይ አስጠጋ። ልክክ አለ። ያን ቀን ቤት ሲመጣ ፊቱ ቀለል ብሎት ነበር። «እንጨቱ አልዋሸም» አለኝ፤ ምሳውንም በደንብ በላ።

እሑድ ግን ከዘበኛው ቁልፍ ለምኖ ብቻውን አዳራሹ ገባ። መወርወሪያውን ሰባት ቁጥር ላይ አስቀመጠና ባትሪውን ከኋላ አበራ። ከላይ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን ብርሃን አለፈ። የሲጋራ ወረቀት ሰደደበት፤ አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ተደርቦም ገባ። ቀጥሎ መሮጫውን በጣቱ ዳሰሰውና አዲስ የተላገ መሆኑን አወቀ።

ቤት ሲገባ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠና የሆነውን በቅደም ተከተል ነገረኝ፤ እንደ ሪፖርት። ሲጨርስ ቢላዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የመካኒኩ ነዋ። አልነገረህም።»

«መላግ ሥራው ነው። ሄዶ ማየት የኔ ሥራ ነበር።»

«ሽቦውንስ ያነሳችው ማን ነው?»

«እሷ።»

«እኮ! ታዲያ አንተ ዝም ብትል ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ እህትህ ነኝ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለና ከተከተፈው ሽንኩርት የወደቀውን ልጣጭ ከመሬት አንስቶ ቆሻሻው ውስጥ ጣለ።

ዝም በል ያልኩት ያለ ነገር አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ከውጭ አገር የፕላስቲክ መወርወሪያ ለማዘዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስብ ኖሯል፤ ያጣው ምክንያት ብቻ ነበር። ወንድሜ ደግሞ በአምሳ አንድ ዓመቱ ከወርክሾፑ ቢወጣ የሚሄድበት አልነበረውም። ይህን ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለ።

ሰኞ ጠዋት መወርወሪያውን፣ ቆርቆሮውንና የሚታጠፍ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቢሮ ገባ። መካኒኩም እዚያ ነበር። የሆነውን በኋላ የነገረኝ መካኒኩ ነው፤ ወንድሜ «ነገርኳቸው» ከማለት በላይ አላወራም።

ሦስቱን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር ሲገጥም አሳየ። ከዚያ እሑድ በስኳድራው ከማሽኑ የወሰደውን ማዕዘን አስጠጋና ክፍተቱን አሳየ።

«እኔ እንጨት አላውቅም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በአጭሩ ይንገሩኝ። ጥፋቱ የማን ነው?»

«ሽቦው የሷ ነው። ሽቦው ግን አልበረረም። የበረረው መወርወሪያ ነው፤ እሱ የኔ ነው። ሳላየው ላክሁት።»

«ይህን በጽሑፍ ያደርጉታል?»

«አድርጌዋለሁ» አለና ከደረት ኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ።

መካኒኩ ያኔ ነው የተናገረው። «ጌታዬ፣ ጣውላውን የላግሁት እኔ ነኝ። አልነገርኩትም።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም አየና «ዛሬ ሁሉም ንስሐ ሊገባ ነው የመጣው?» አለ። ከዚያ ሪፖርቱን ወደ መሳቢያው መለሰው።

ወንድሜ ከቢሮው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሰባት ቁጥር ቤት ሄደ። ከሆስፒታል ወጥታ እህቷ ጋር ነበረች። ግማሽ ፊቷ በፋሻ ታስሮ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ቆሞ ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ሽቦውንስ?» አለችው።

«ሽቦው ያንቺ ነው።»

«ሌላው ግን ያንተ።»

«አዎ።»

«ውጣልኝ።»

ወጣ። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ እሷ አልመጣችም፣ እሱም ደግሞ አልሄደባትም። በየሳምንቱ እኔን «እንዴት ነች አሉ?» ይለኝ ነበር። የሰማሁትን እነግረዋለሁ። ዓይኗ ተረፈ ብለዋል፣ አልተረፈም ብለዋል፤ በመጨረሻ ብርሃን ከጨለማ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም ተባለ።

ሪፖርቱ ተቀየረ፤ ሰባት ቁጥር አልተሰናበተችም። ወንድሜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሥራ አስኪያጁም ያሰበውን አደረገ፤ ለአሥሩ ማሽኖች የፕላስቲክ መወርወሪያ ታዘዘ። ደህና ሆነው ተገኙ፤ ደህና አልነበሩም ማለት አልችልም። ስምንቱ ማሽኖች ግን ከመጠን በላይ የተጣመሙ ስለነበሩ ፕላስቲኩ አልሆነላቸውም። ሰባት ቁጥር ከነሱ አንዷ ነበረች። ስለዚህ ወንድሜ ከነበረው ሥራ ከግማሽ ያነሰው ቀረለት። ሽማግሌው የሰጠውን አሥራ ስምንት ቆርቆሮዎች ሰብስቦ ለመካኒኩ ሰጠው። «በር ላይ ለሚያንጠባጥበው ጣሪያ ይሆንሃል» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጥንድ ከማሽኑ ላይ በቀጥታ እየለካ ሠራ፤ ጊዜው እጥፍ ይወስድበት ነበር።

ሰባት ቁጥር በተመለሰች ቀን አዳራሹ ሁሉ በዓይኑ ጥግ ያያት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጨርቅ ማጠፊያ ክፍል ቦታ አዘጋጅቶላት ነበር። «እኔ የቆምኩት ለሽመና ነው፤ አንሶላ ማጠፍ ቤቴም አልወድም» ብላ አልቀበልም አለች። አንድ ዓይን ይበቃል አይበቃም ተብሎ ሁለት ቀን ተከራከሩ። በሦስተኛው ቀን ሽርጧን አስራ ማሽኗ ፊት ቆመች። የማሽኗን መሳቢያ ስትከፍት መወርወሪያ የለም።

«ለዚህች የሠራ ሰው አለ?» አለችኝ።

ሄጄ ጠራሁት። ወንድሜ ጥንዱን ይዞ መጣ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ማሽኖቹ ቆመዋል፤ የሚናገሩት ለሁሉም ይሰማ ነበር።

«የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«መጥተህ ለካህ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ተኝቷል?»

«ተኝቷል።»

መወርወሪያውን ከእጁ ተቀብላ ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠጋችና ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ሌላውንም እንዲሁ። ቀሰም አስገባችባቸው። ከዚያ በማሽኑ ቀኝ ጫፍ ያለውን ቦታ፣ ራሷ ጎንበስ ብላ የነበረችበትን፣ በአገጯ አሳየችው።

«እዚያ ቁም።»

መካኒኩ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ወንድሜ በእጁ አስቆመውና ሄዶ ቆመ። ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

ሰባት ቁጥር የመከላከያውን ሽቦ ቀጭ አድርጋ አወረደችው። «አይዞህ፣ ሽቦዬን አውርጃለሁ» አለችው። «እኔ እንዳንተ አይደለሁም፤ አንዴ ይበቃኛል።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማሽኑን አስነሳች።

አንድ ቀሰም ስድስት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። መወርወሪያው በደቂቃ መቶ ሃያ ጊዜ ወደ ወንድሜ ይመጣና በማሽኑ ጫፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ይመለሳል። እኔ ከማጠንጠኛው በር ላይ ሆኜ ጀርባውን ብቻ አይ ነበር። እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ነበር፤ የአንዱ እጅ ጣት የሌላውን አንጓ ይዟል። ቀሰሙ ሲያልቅ ማሽኑን አቆመች።

«ልሂድ?» አለ።

«ጥንድ አይደለም እንዴ? ሁለተኛውስ?»

ለሁለተኛውም ቆመ። ያም አለቀ። ሰባት ቁጥር የተሸመነውን ጨርቅ ጠርዝ በጣቷ አየች፤ ቀና አላለችም።

«ሂድ በቃ፤ ምሳህን ብላ።»

ያን ዕለት ማታ ምን ተሰማህ አላልኩትም። ሾርባውን ጠጣና ጨው አንሶታል አለ፤ አንሶትም ነበር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ለስምንቱ ማሽኖች አዲስ ጥንድ ባስረከበ ቁጥር፣ ማንም ሳያዘው፣ ሁለቱ ቀሰሞች እስኪያልቁ በዚያ ጫፍ ይቆም ነበር። ሐሙስ ሲሆን ጎብኚዎች ፎቶ ያነሱታል፤ ዝም ብሎ ይነሳል። ለሌሎቹ ሸማኔዎች ነገሩ ልማድ ሆነ። አንዷ «ሚዛኑ ሳይቆምበት እኔ አልጀምርም» ብላ እስከ ማኩረፍ ደርሳለች። ከሰባት ቁጥር ጋር ወዳጅ ሆኑ ማለት አልችልም። ስለ እንጨት ይነጋገራሉ። እሷ ይሄኛው ትንሽ ይጎትታል ትለዋለች፣ እሱ ጫፉን በሞረድ ነካ ነካ አድርጎ ይመልሳል።

ባለፈው ዓመት ሳንባው ታመመ። ከወርክሾፑ እስከ አዳራሹ ያለችውን መንገድ ሁለት ጊዜ እያረፈ ነበር የሚሄዳት። ሐኪሙ ከአቧራ ራቅ አለው፤ እሺ ብሎ መጣና የጀመረውን ጥንድ ጨረሰ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አምስትና አርባ ስድስት ነበሩ። ለሰባት ቁጥር ነበሩ። ክንዱን ይዤ አብሬው ሄድኩ።

ሰባት ቁጥር ስንደርስ አየችን። ሄዳ ከማጠንጠኛ ክፍል የኔን ረጅሙን በርጩማ አመጣችና በማሽኑ ቀኝ ጫፍ አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ» አለችው።

«ቆሜ ነው የማየው።»

«እኔ በአንድ ዓይን አየዋለሁ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ማየት ያቅትሃል?»

«ተቀምጬ ጀርባው አይታየኝም» አለ።

ሽቦዋን አወረደች። በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ማሽኑ ብረት ላይ አስጠጋችለት፤ ቢፈልግ እጁን እንዲያሳርፍበት። ማሽኑን አስነሳች። ወንድሜ እጁን በርጩማው ላይ ደግፎ፣ ሁለቱም ቀሰሞች እስኪያልቁ ቆመ። ማሽኑ ሲቆም ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅነው።

«ተኝቷል» አላት።

«አይቻለሁ» አለችው።

ከዚያ ቤት ወሰድኩት። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ጥንዱ ዛሬም ሰባት ቁጥር ላይ ይሠራል።